የተንጠለጠለው ፈተና

መርማሪዋ ማቀዝቀዣው ክፍል ገብታ መጀመሪያ ያስተዋለችው ነገር ሟቿ ተመቻችታ መሞቷን ነበር። ሴትዮዋ በመጨረሻው መደርደሪያ ሥር ጀርባዋን ለክትባት ካርቶን ሰጥታ ተቀምጣለች። ሻርፗን አፍና አፍንጫዋ ላይ ጠምጥማለች፤ እጆቿን ብብቷ ውስጥ ከታለች፤ ፊቷ ወደ በሩ ነው። ቀኝ እግሯ ከጭኗ ላይ ወደማይሆን አቅጣጫ ዞሯል። አጠገቧ አንድ መሰላል በጎኑ ወድቋል። ከተቀመጠችበት እስከ በሩ ስድስት እርምጃ ነው። መርማሪዋ ሁለት ጊዜ ለካችው።

«ጭኗ ተሰብሯል» አለ የፖሊስ ሐኪሙ። ከቃሉ ጋር ነጭ እንፋሎት ከአፉ ይወጣል። «እዚህ ውስጥ ከዜሮ በታች ሃያ አምስት ነው። ስብራቱም ብርዱም ተጋግዘው ጨርሰዋታል።»

«በደረቷ ብትሳብ በሩ ጋ አትደርስም ነበር?»

«ያማታል እንጂ ትደርስ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልተሳበችም?»

መርማሪዋ ጎንበስ ብላ ወለሉን አየች። አመዳዩ የተጠረገው ከመሰላሉ እስከ ካርቶኑ ብቻ ነው። ሴትዮዋ ጥግ ለመያዝ ራሷን ጎትታለች። ወደ በሩ ግን አንድ ስንዝር እንኳ አልሞከረችም። ሰው ሲሞት ወደ በር ይሄዳል፤ ይቺ ግን እንግዳ እንደሚጠብቅ ሰው ተቀምጣ ሞተች። ነገሩ መርማሪዋን ከነከናት።

የሞተችው የክትባት መጋዘኑ ጠባቂ ናት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች፤ ሁሉም «እትዬ» ነበር የሚላት። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሃያ ላይ ካርቶን ልታወርድ ገባች። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ምክትሏ ፈልጋ ስታጣት በሩን ከፍታ አገኘቻት።

ኮሪደሩ ላይ የቴክኒክ ኃላፊው ይጠብቃል። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ድምፁ የተስተካከለ፣ በመርማሪዋ ዕድሜ ያለ ሰው ነው። ገና ሳይተዋወቁ «እህቴ» ብሎ ጀመራት።

«እህቴ፣ ብዙ አትድከሚ። ነገሩ ያለቀለት ነው። ሪፖርቱንም አዘጋጅቼልሻለሁ።»

መርማሪዋ ወረቀቱን ተቀብላ ቆማ አነበበችው።

«ሟች በ8 ሠዓት ከ20 ወደ ማቀዝቀዣው የገባች ሲሆን እስከ 11 ሠዓት አልወጣችም። ኤሌክትሪሺያኑ በዕለቱ ከሟች ጋር መጣላቱና በ8 ሠዓት በሽቦ ሳጥኑ አጠገብ መታየቱ ተረጋግጧል። ማንቂያው ያልጮኸው ሽቦው በመቆረጡ ነው።»

«መቆረጡን አይተሃል?»

«ካልተቆረጠማ ይጮህ ነበር።»

መርማሪዋ ወረቀቱን እንደገና አነበበችው፤ አንድ ቃል ላይ ዓይኗ ትንሽ ቆየ። ከዚያ አጥፋ ኪሷ ከተተችው።

ኤሌክትሪሺያኑ የጥበቃ ክፍሉ ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ እጁ በካቴና ታስሯል። ቀጭን፣ ረዥም፣ አርባ የተሻገረ ሰው ነው። ሠራተኛው «ሽቦ» ይለዋል።

«ተጣልታችሁ ነበር?»

«ተጣልተናል። የኮሪደሩን መብራት ሦስት ሳምንት ሙሉ አልቀየርክም ብላ ጮኸችብኝ። እውነቷን ነው፤ አልቀየርኩም። ስምንት ሰዓት ላይ ሳጥኑ ጋ የሄድኩት እሱን ልሠራ ነው።» የታሰሩ እጆቹን አየ። «በእትዬ ላይ እጄን ላነሳ? ልጄ ስትታመም መድኃኒቱን በእግሯ ሄዳ ያመጣችልኝ እሷ ናት።»

«የት የት እንደነበርክ ከነሰዓቱ ጻፍልኝ» አለችው፤ እስክሪብቶ ሰጥታ። ይህን ሁሉንም ሰው ልታስጽፍ ወስናለች።

ከዚያ ተመልሳ ማቀዝቀዣው ውስጥ ገባችና በበሩ አጠገብ ያለውን ቀዩን የአደጋ ቁልፍ ተጫነችው። ጩኸቱ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። የጥበቃ ክፍሉም፣ ኮሪደሩም፣ ግቢውም አንድ ላይ ጮኹ። ኃላፊው ጆሮውን ይዞ ብቅ አለ።

«ሽቦው የተቆረጠ ማንቂያ እንዲህ ይጮሃል?» አለችው።

«ታዲያ… መልሶ ቀጥሎት ይሆናላ።»

«መቼ? ካቴና ውስጥ ሆኖ?»

ለኤሌክትሪሺያኑ ጠባቂ ካቴናውን እንዲፈታለት ልትነግረው አስባ ተወችው። የምታስረውን ሰው እስክታውቅ የምትፈታውን አትፈታም፤ የቆየ ልማዷ ነው። ግን ያን ቀን ልማዷ ራሱ አናደዳት።

ምክትሏ ሠላሳውን ያጋመሰች ሴት ናት፤ ከልቅሶ ብዛት ዓይኗ አብጧል። ማንቂያው እንዴት እንደሚሠራ ያስረዳችው እሷ ናት።

«ሰው ገብቶ በሩ ሲዘጋ ግድግዳው ላይ ያለችው ኮምፒውተር መቁጠር ትጀምራለች። ውስጥ ያለው ሰው በየአሥር ደቂቃው አረንጓዴውን ቁልፍ ይጫናል፤ ደህና ነኝ ማለቱ ነው። አሥር ደቂቃ አልፎ ካልተጫነ በራሷ ትጮሃለች።»

«እትዬ ይህን ታውቃለች?»

«ሁላችንንም ያስተማረችን እሷ ናት። ይኸው ማስታወቂያውን የለጠፈችውም እሷ።»

ከበሩ በላይ በፕላስቲክ የተሸፈነ ወረቀት አለ። መርማሪዋ አንገቷን ቀና አድርጋ አነበበች። «ከተጎዳችሁ አትንቀሳቀሱ፤ ጉዳቱ ይብሳል። ሰውነታችሁን ሸፍናችሁ ጠብቁ። ማንቂያው በአሥር ደቂቃ ውስጥ በራሱ ጮሆ ሰው ይደርስላችኋል።» ከሥሩ የቴክኒክ ኃላፊው ፊርማ አለ።

ለመርማሪዋ ሴትዮዋ ለምን እንዳልተሳበች አሁን ገባት። የተባለችውን አድርጋለች። ሻርፗን ጠምጥማ፣ እጇን ብብቷ ከትታ፣ አሥር ደቂቃ ጠበቀች። ከዚያ ሌላ አሥር ደቂቃ ጠበቀች። መሳብ እንዳለባት ሲገባት፣ ገብቷትም ከሆነ፣ ጉልበቷ አልቆ ነበር። መርማሪዋ ወደ ምክትሏ ዞረች።

«ከዚህ በፊት ጮሆ ያውቃል?»

ምክትሏ ወደ መሬት አየች።

«አይጮህም። ማንም አሥር ደቂቃ አይቆይማ። እኔ ግን… የዛሬ ወር አሥራ ሰባት ደቂቃ ቆይቼ ነበር። ቁልፉን መጫን ረሳሁ። ስወጣ ሰዓቴን አይቼ ለምን አልጮኸም ብዬ ገረመኝ።»

«ለማን ነገርሽ?»

«ለቴክኒክ ኃላፊው። ተጭነሽ ረስተሽው ነው አለኝ። እኔም ይሆናል ብዬ ተውኩት።»

«ለእትዬስ?»

ምክትሏ እጇን አፏ ላይ ጭና ወደ ግድግዳው ዞረች። መርማሪዋ አላባበለቻትም።

ፕሮግራመሩ ገና ሠላሳ ያልሞላው፣ ሲናገር ጣቱን የሚያፍተለትል ወጣት ነው። ማንቂያውን የሚያዘውን ፕሮግራም የጻፈው እሱ ነው። የማሽኑን መዝገብ ከፍቶ አሳያት። በአራት ወር ውስጥ «መቁጠር ተጀመረ» እና «መቁጠር ቆመ» የሚሉ መስመሮች በመቶ የሚቆጠሩ ናቸው። «ጊዜው አለፈ» የሚል ግን አንድም የለም። የእትዬ የመጨረሻ መስመር «8፡20፣ መቁጠር ተጀመረ» ይላል። ከሥሩ ባዶ ነው።

«መቁጠር ጀምራ ያልጨረሰችው ለምንድን ነው?»

«ፕሮግራሙ ትክክል ነው» አለ ወጣቱ ቶሎ ብሎ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ችግሩ ከሥር ነው። ይቺ ኮምፒውተር እንደ ሌሎቹ አይደለችም፤ አንጎሏ ሌላ ዓይነት ነው። ፕሮግራሙን የጻፍኩበት ቋንቋ ለእሷ ተዘጋጅቶ አይገኝም። ስለዚህ ቋንቋውን ራሱን ከምንጩ መገንባት ነበረብን።»

«ቋንቋ ይገነባል እንዴ?»

«የተሠራበት ጽሑፍ አለ፤ ምንጭ ኮድ እንለዋለን። ማሽኗ እሱን አንብባ ቋንቋውን ትሠራለች። ከዚያ ትክክል መሠራቱን ለማረጋገጥ ይፈተናል። ሁለት ሺህ አንድ መቶ አሥራ አራት ፈተና አለው።»

«ሁሉንም አለፈ?»

ወጣቱ ጣቱን አፍተለተለ። አንድ ፋይል ከፈተ። ሳይሠሩ እንዲታለፉ የተደረጉ ፈተናዎች ዝርዝር ነው፤ ዝርዝሩ ውስጥ ያለው አንድ ብቻ ነው። አጠገቡ ማስታወሻ ተጽፏል፤ «ይህ ፈተና አይጨርስም። ለርክክቡ ሠዓት ስለሌለን ይታለፍ።» የጻፈው ሰው ስም የወጣቱ ነው። ቀኑ የዛሬ አራት ወር፣ ሐሙስ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ከሩብ። የአዲሱ ማንቂያ ርክክብ የተደረገው በማግስቱ ዓርብ ጠዋት ነው።

«የታለፈው ፈተና ምን ነበር የሚፈትነው?»

«ይጠብቃል።»

«ምን ይጠብቃል?»

«የማይመጣ ነገር። ሁለት ሰከንድ ጠብቆ፣ ካልመጣ መጠበቁን ትቶ መመለስ አለበት። ካልተመለሰ ይንጠለጠላል፤ ዝም ብሎ ይቆማል።» ወጣቱ ወደ ማያው አመለከተ። «ማንቂያው የተመሠረተው በእሱ ላይ ነው። አሥር ደቂቃ ጠብቅ፣ ካልተጫኑ ጩህ። መጠበቁን ያውቃል። መመለሱን አያውቅም።»

«ስሙ ያንተ ነው።»

«ስሙ የኔ ነው። ግንባታውን ረቡዕ አስጀምሬው ነበር፤ ማታውን አባቴ አረፈ ተብሎ ወደ ቤተሰቤ ከተማ ሄድኩ። ሐሙስ ዕለት አባቴን እየቀበርኩ ነበር። ማሽኗ ደግሞ ከውጭ አትገናኝም፤ እዚሁ ካልመጡ አይሠራባትም።»

«የይለፍ ቃልህንስ ማን ያውቃል?»

«ሥራው እንዳይቆም ብዬ ወረቀት ላይ ጽፌ መሳቢያዬ ውስጥ ተውኩት። መሳቢያው አይቆለፍም። ማንም ሊያገኘው ይችላል።»

«ስትመለስ ይህን መስመር አየኸው?»

«አየሁት።»

«ለማን ተናገርክ?»

«ለማንም። በስሜ ነው የተጻፈው። ማን ያምነኛል ብዬ ፈራሁ።»

መርማሪዋ ወጣቱን ትክ ብላ አየችው። እሱንም አስጻፈችው።

የቴክኒክ ኃላፊውን ቢሮው ውስጥ ያገኘችው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ወንበር ሳበላት። አልተቀመጠችም።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ። የፕሮግራም ቋንቋው ሲገነባ ፈተናዎቹን አልፎ ነበር?»

«እህቴ፣ እኔ አስተዳደር ላይ ነኝ። ዝርዝሩን ልጁን ጠይቂው፤ ስሙም ፊርማውም እዚያው አለልሽ።» ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ደግሞስ አንድ ፈተና ተንጠለጠለ ተብሎ ሁለት ሺህ ያለፈው ውሸት ሊሆን ነው?»

መርማሪዋ ዓረፍተ ነገሩን ቃል በቃል ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው። ከዚያ ደብተሯን ዘጋች።

«አመሰግናለሁ። እርስዎም ውሎዎን ከነሰዓቱ ይጻፉልኝና ነገ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ኮሪደሩ ላይ ይገኙልኛል።»

በር ላይ የቆመው ፖሊስ ከእሷ ጋር ስምንት ዓመት ሠርቷል። አንተ ስትለው የነበረውን ሰው እርስዎ ማለት ስትጀምር ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ዓይኑን ወደ ጫማው አወረደ።

በማግስቱ አራት ሰዓት ላይ ሁሉም ማቀዝቀዣው በር ፊት ተሰበሰቡ። ኃላፊው፣ ፕሮግራመሩ፣ ምክትሏ፣ ኤሌክትሪሺያኑ ከነካቴናው። የእትዬ ልጅም መጥታለች፤ ሃያ አምስት ዓመት የሚሆናት አስተማሪ ናት፤ ጥቁር ለብሳ ከሁሉም ራቅ ብላ ቆማለች። መርማሪዋ ወደ ወጣቱ ዞረች።

«የታለፈውን ፈተና አሁን አስጀምረው።»

ወጣቱ ግድግዳው ላይ ካለችው ኮምፒውተር ፊት ቆሞ ጻፈ። ማያው ላይ አንድ መስመር ወጣ።

«ጀመረ» አለ።

«በስንት ሰከንድ መጨረስ አለበት?»

«በሁለት።»

ሁለት ሰከንድ አለፈ። አንድ ደቂቃ አለፈ። ማያው አልተንቀሳቀሰም። መርማሪዋ ግድግዳውን ተደግፋ ሰዓቷን ታያለች። ሦስት ደቂቃ ሲሞላ ኃላፊው ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ይኼ ሁሉ ምን ያስፈልጋል?»

«ይጠብቁ። እሷ ጠብቃለች።»

አሥር ደቂቃ ሙሉ ቆሙ። ከማቀዝቀዣው ሞተር በቀር ድምፅ የለም። ምክትሏ ግድግዳው ሥር ቁጢጥ አለች። አሥራ አንደኛው ደቂቃ ሲጀምር መርማሪዋ ተናገረች፤ ድምጿ ዝቅ ያለ ነው።

«እትዬን የገደላት የተቆረጠ ሽቦ አይደለም። ቀዩን ቁልፍ ስጫነው ግቢው ሁሉ ጮኋል። ስለዚህ ሽቦውም፣ መብራቱም፣ ማንቂያውም ደህና ናቸው። የማይሠራው ይህ የምታዩት ነው። ማሽኗ መጠበቅ ትችላለች፤ ጊዜው አለፈ ብላ መመለስ አትችልም። ይህን ፈተናው አራት ወር ቀድሞ ነግሯችሁ ነበር። አንድ ሰው አፉን ዘጋው።»

«ስሙ እዚያ አለ» አለ ኃላፊው ወደ ወጣቱ እያመለከተ።

«ስሙ አለ። እሱ ግን ያን ቀን አባቱን ይቀብር ነበር፤ ሌሊቱን ለቤተሰቡ ከተማ ፖሊስ ደውዬ አረጋግጫለሁ። ስለዚህ መሳቢያውን የከፈተ ሌላ ሰው ነው። ትናንት ሁላችሁንም ያስጻፍኳችሁ ለዚህ ነው።» አራት ወረቀቶች ከኪሷ አወጣች። «ኤሌክትሪሺያኑ ‹ሰአት› ብሎ በእሳቱ ሰ እና በአ ጻፈ። ፕሮግራመሩም እንደዚያው። ምክትሏ እንደ መዝገበ ቃላቱ ‹ሰዓት› አለች። በንጉሡ ሠ ‹ሠዓት› ብሎ የሚጽፍ እዚህ አንድ ሰው ብቻ ነው። በሪፖርቱ ላይ ሦስት ጊዜ፣ በውሎው ላይ አራት ጊዜ። ያቺው ሠ ‹ለርክክቡ ሠዓት ስለሌለን› በሚለው ማስታወሻ ላይም አለች።»

«በአንድ ፊደል ሰው ሊከሰስ ነው?» አለ ኃላፊው። ፊቱ ግን ወዙን አጥቷል።

«በአንድ ፊደል አይደለም። ትናንት የጠየቅኩዎት ፈተናዎቹ አልፈዋል ወይ ብዬ ብቻ ነው። እርስዎ ግን አንድ ፈተና ተንጠለጠለ ብለው መለሱልኝ። አንድ መሆኑን አልነገርኩዎትም። መንጠልጠሉን አልነገርኩዎትም። ይህ ልጅም ከኔ በቀር ለማንም አልተናገረም። ያን ሁሉ የሚያውቀው ሐሙስ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ እዚህ ማያ ፊት ተቀምጦ ፈተናው አልጨርስ ሲለው ያየ ሰው ነው።»

ኃላፊው ዙሪያውን አየ። የሚያግዘው ፊት አጣ።

«በማግስቱ ርክክብ ነበር። እንግዶች ተጠርተዋል። አንድ ፈተና ነው፤ ሁሉም ዘንድ ይታለፋል። ሰው ይሞታል ብሎ ማን ያስባል?»

«ምን እንደሚፈትን አንብበዋል?»

«ጊዜ አልነበረኝም።»

«አንድ መስመር ነው። እኔ በማላውቀው ሙያ አንብቤ በደቂቃ ገብቶኛል።» መርማሪዋ አንድ እርምጃ ቀረበችው። «እዚያ ላይ ቢያቆሙ ስህተት ነው እል ነበር። ግን በልጁ ስም ጻፉት። ከዚያ ይቺ ምክትሏ መጥታ አሥራ ሰባት ደቂቃ ቆይቼ አልጮኸም ስትልዎ ለምን እንዳልጮኸ ያውቁ ነበር። ያን ቀን ማስታወቂያውን ማንሳት ይችሉ ነበር። ጠብቁ የሚለውን ወረቀት ቀድደው ወደ በሩ ተሳቡ የሚል መለጠፍ ይችሉ ነበር። ረስተሽው ነው ብለው ላኳት። እትዬ ስትሞት ደግሞ ሬሳዋ ሳይነሳ የሌላ ሰው እጅ አሳሰሩ።»

ለፖሊሱ ራሷን ነቀነቀችለት። ካቴናው ከኤሌክትሪሺያኑ እጅ ወጥቶ ኃላፊው እጅ ገባ። ኤሌክትሪሺያኑ አንጓውን እያሻሸ ማንንም ሳያመሰግን ወደ ሥራ ዕቃው ሄደ።

«እናንተ ሁለታችሁም ቃላችሁን ትሰጣላችሁ» አለች መርማሪዋ ወደ ወጣቱና ወደ ምክትሏ። «የሠራችሁትን ሳይሆን ያልተናገራችሁትን ነው የምጠይቃችሁ።»

ወጣቱ «እሰጣለሁ» አለ። ምክትሏ አለቀሰች።

ሁሉም ከሄዱ በኋላ መርማሪዋ የምርመራውን ቅጽ ጥበቃ ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ መሙላት ጀመረች። የእትዬ ልጅ መጥታ ፊት ለፊቷ ቆመች። ቅጹን እንደተገለበጠ አነበበችው። «የሞት መንስኤ» ከሚለው ሥር ሦስት ቃል ብቻ ታትሟል፤ ሕመም፣ አደጋ፣ ግድያ።

«አደጋ የሚለውን ልታከብቢው ነው?» አለች ልጅቷ።

«ግድያ ብል ዳኛው ይጥለዋል፤ ሊገድላት አላሰበም ይላል።»

«አደጋ ግን ድንገት የሚመጣ ነገር ነው። እማዬን የገደላት አራት ወር ሙሉ እዚህ ተጽፎ የተቀመጠ ነገር ነው። አደጋ ብለሽ እንዳትጽፊባት።»

መርማሪዋ እስክሪብቶውን አነሳች። ከዚያ ሦስቱንም ቃላት በአንድ መስመር ሰረዘቻቸውና በጠባቧ ኅዳግ ላይ ፊደሏን አሳንሳ ጻፈች፤ «እያወቁ ዝም በማለት።» ፈረመችበት። ልጅቷ ቀለሙ እስኪደርቅ ጠብቃ ወረቀቱን አነበበችና ደጁን ከፍታ ወጣች።